ታንኩ የተደመጠበት እሑድ

ዝም ማለት አልችልም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ስገባ ግን ቦታው ተስማማኝ። እዚያ ማሽኑ ስለሚጮህ ወሬው ሁሉ በእጅና በከንፈር ነው፤ ሐሜቱም ሳይቀር።

ከዚያ ለሙከራ ወደ ጥገና ክፍል ተዛወርሁ። ካልሆንሁላቸው መልሰው ወደ ሽመና ክፍሉ፣ ወደ ክር መቀጠሉ ይልኩኛል። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሲል ትልቁን የአየር ታንክ የሚመረምሩ ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጡ። እሑድ፣ ፋብሪካው ቆሞ፣ ከፋብሪካው አጠገብ ያለው ሐይቅ ነፋስ ቆርቆሮውን ሳያንኳኳ በማለዳ ገባን። ባለሙያው ታንኩ ላይ ትናንሽ መስሚያዎች አጣበቁበት። ግፊት ሲጨመር፣ ብረቱ ውስጥ ስንጥቅ ካለ፣ ለእኛ ጆሮ የማይሰማ ድምፅ ያወጣል። መስሚያዎቹ ያን ይይዛሉ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ነጥብ ሆኖ ይወጣል።

«ማንም እንዳይነካው። ሬዲዮም፣ ወዲያ ወዲህ ማለትም የለም» አሉ ባለሙያው።

የጥገና ኃላፊያችን ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማሽ? አንቺን ነው።»

ግፊቱን የምትጨምረው ለዕለቱ ልታግዝ የመጣች የሽመና ክፍል ጓደኛዬ ነበረች፤ ከግድግዳው ወዲያ ፓምፑ ጋ ሆና በመስኮት ትታየኛለች። ባለሙያው እጃቸውን ሲያነሱ እኔ መዳፌን እዘረጋለሁ፣ እሷ ታቆማለች። መሃል ላይ በከንፈሯ «ባለሙያው የጋብቻ ቀለበት አለው?» አለችኝ።

«እጁን ሳይ ነው የዋልሁ። የለውም» አልኋት እኔም በከንፈሬ።

የመጨረሻው ግፊት ላይ ደርሰን ጸጥ ብለን ስንጠብቅ ሥራ አስኪያጁ ገቡ። እንስራ እንደሚገዛ ሰው ታንኩን በቁልፋቸው ኳ ኳ አደረጉና «ደኅና ነው?» አሉ። ኮምፒውተሩ በነጥብ ተሞላ። እጄን አወናጨፍሁባቸው፤ አልገባቸውም። ቁልፉን እንደገና ሲያነሱ ዘልዬ እጃቸውን ያዝሁ።

ኃላፊው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጓደኛዬ በመስኮት «አበቃልሽ» አለችኝ። ለእኔም ገብቶኛል፤ ግን አልለቀቅሁም። እጅ ለእጅ ተያይዘን ቆምን። ከዚያ ወዲያ አንድ ነጥብ አልወጣም።

«ንጹሕ ነው» አሉ ባለሙያው በመጨረሻ፣ ሳቃቸውን እየዋጡ። «የቁልፍዎን አልቆጥረውም።»

ሥራ አስኪያጁ የእጃቸውን አንጓ እያሹ «ይቺ ማን ናት?» አሉ።

ኃላፊው «ለሙከራ የመጣች...» ብለው ተንተባተቡ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልሁ፣ «ቢደግሙት ግን እደግመዋለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ኃላፊው ዞሩ። «እዚሁ ጥገና ክፍል ትቆይ። መውጣት ያለብኝ እኔ ነኝ።»

ምርመራው አልቆ ሳለ፣ ድምፅ እንዳያሰሙ በጫማቸው ጫፍ እየረገጡ ወጡ።