የጋሽ ሰይድ ካርቡሬተር

ባለፈው ሳምንት ለጉዳይ ካዛንቺስ ሄጄ አንድ ሽታ መንገድ ላይ አስቆመኝ። በአዲሱ ሰፊ አስፋልት ዳር የተተከለውን ሣር አንድ ወጣት በትከሻው ባንጠለጠላት ማጨጃ ይከረክማል። ማጨጃዋ ጣሳ ውስጥ እንደገባች ንብ ትጮኻለች፣ ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች። እርጥብ ሣር፣ ቤንዚን፣ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚቃጠል ዘይት። ዛሬ ዛሬ ዘይት ከቤንዚን ጋር ደባልቆ የሚጠጣ ሞተር እምብዛም አይገኝም፤ ሽታውን ግን በልጅነቱ የለመደ ሰው አይረሳውም። ቆሜ ስቀር ልጁ ማሽኑን አጥፍቶ "ብራዘር፣ ሰላም ነው?" አለኝ። ሰላም ነው ብዬው ክራንቼን አስተካክዬ አለፍኩ። ምን ልበለው? ሰፈራችን ሳይፈርስ አንተ የቆምክበት ቦታ የጋሽ ሰይድ ደጃፍ ነበር ብለው ምን ይፈይድለታል?

የሰፈር ወሬ ሲነሳ "ያ ደግ ዘመን" የሚሉ ሰዎች ያበሽቁኛል። ደግ ዘመን አልነበረም። ግቢያችን ወንዙ አፋፍ ላይ የተደረደሩ የጭቃ ቤቶች ነበሩ። ክረምት ሲመጣ ከውጭ ይልቅ ቤት ውስጥ ይዘንብ ነበር። ሽንት ቤቱ የሁላችንም አንድ ነው፤ ለአንድ ጄሪካን ውሃ ሰው ከሰው ይቧቀሳል። እና ደግ ዘመን አልነበረም። ደግ ሰው ግን ነበር፤ የሚኖሩትም ከእኛ ቤት ቀጥሎ ነው።

ጋሽ ሰይድ የባቲ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው አሰብ ወርደው፣ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ሞተር ሲጠግኑ ነው ፀጉራቸው የሸበተው። ድንበሩ ሲዘጋ በአንድ ሻንጣና በአንድ የወተት ዱቄት ጣሳ አዲስ አበባ ገቡ። ቡልጋሪያ አካባቢ ካለ ጋራዥ ተቀጥረው እኛ ግቢ አንድ ክፍል ተከራዩ። ጣሳው ውስጥ የነበረው የካርቡሬተር ዕቃ ነው። ካርቡሬተር ማለት ቤንዚንና አየር ተደባልቆ ወደ ሞተር የሚገባበት ጉሮሮ ነው፤ ጋሽ ሰይድ ደግሞ የዚያ ጉሮሮ ሐኪም ነበሩ። ከሥራ ሲመለሱ ይታጠባሉ፣ ሽርጣቸውን ያገለድማሉ፣ በቴፑ መንዙማ ይከፍታሉ፣ ከዚያ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጣሳውን ጨርቅ ላይ ይዘረግፉታል። የነሐሱን ዕቃ በቤንዚን ያጥባሉ፣ በአፋቸው ይነፉበታል፣ ለፀሐይ ከፍ አድርገው በቀዳዳው ያያሉ፣ መልሰው ይከቱታል። የሚጠገን ነገር ኖሮ አይደለም። በቃ፣ አሰብ ስመለስ ያስፈልገኛል ይሉ ነበር። ፍራሻቸው መሬት ላይ ነው፤ ሻንጣው አልተፈታም። ሁልጊዜ ትናንት የመጡ፣ ነገ የሚሄዱ ይመስሉ ነበር።

እኔ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ። ሕፃን ሆኜ የያዘኝ በሽታ ግራ እግሬን አቅጥኖት ቀርቷል። ትምህርት ቤቱ ያለው ከዳገቱ አናት ነው። ዳገቱን ደህና እግር ያለው ሰው እንኳ እያረፈ ነው የሚወጣው፤ በክረምት ደግሞ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። እናቴ ዘነቡ ሰው ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች፤ ጎህ ሲቀድ ወጥታ ጀምበር ስትጠልቅ ነው የምትገባው። አዝላ ልታወጣኝ ሞክራ ነበር፣ ከበድኩባት። አባቴን አትጠይቁኝ። እኩዮቼ ደብተር ይዘው ሲወጡ እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ጀርባቸውን አይ ነበር።

የእናቴ አሠሪዎች ፈረንጆች ነበሩ። አገራቸው ሲገቡ ልጃቸው ይጫወትባት የነበረችውን ሞተር ብስክሌት ለእናቴ ጥለውላት ሄዱ። ቁመቷ ጉልበት አይደርስም፤ የውሻ መጠን ያላት፣ ግን የእውነት ሞተር ናት። ፈለቀ የሚባል የታክሲ ሾፌር ጎረቤታችን ገና ሲያያት፣ "ዘነቡ፣ ይቺ ጡት ጥላለች ወይስ ገና ናት?" ብሎ ግቢውን አሳቀው። ጋሽ ሰይድ አልሳቁም። ቁጢጥ ብለው ዞረው ዞረው አዩዋት። በገመድ ተስባ ነው የምትነሳው፤ ነዳጅ መስጫዋም ፍሬኗም በእጅ ነው።

"እግር አትጠይቅም" አሉ።

እናቴ ቀና ብላ ዳገቱን አየች። በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሄዳ የአንደኛ ክፍል አስተማሪዋን እንድትቀበለኝ ለመነቻት። አስተማሪዋ ጥሩ ሴት ነበረች፤ በየቀኑ በራሱ መምጣት ከቻለ እስከ መስቀል ወንበር እይዝለታለሁ አለቻት።

እንግዲህ የእኔ ነገር በዚያች ሞተር ላይ ወደቀ። ሜዳ ላይ ትሮጣለች፤ የዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ግን ታቃስትና ትቆማለች። የተሠራችው ለፈረንጅ ግቢ ለስላሳ ሲሚንቶ ነው፤ ካርቡሬተሯ አውራ ጣት አታክልም። በጭድ አገዳ እየመጠጠች እንዴት ዳገት ትወጣለች አሉ ጋሽ ሰይድ፤ ጉሮሮዋን እናሰፋላታለን። እኔን ደግሞ ጭንቅላቴን ዳበስ አድርገው፣ "አብሽር ሙሌ፣ ከመስቀል በፊት ደብተር ትይዛለህ" አሉኝ።

ከጣሳቸው ከጀልባ ሞተር የተረፈ ካርቡሬተር አወጡ። ለእሷ የአባት ኮት ለሕፃን እንደ ማልበስ ነው። ግን ሠሩት። ማገናኛውን ከቁራጭ አሉሚኒየም ሞረዱት፣ ማሸጊያውን ከካርቶን ቆረጡት፣ አየር ማጣሪያውን ከአሮጌ ሻይ ማጥለያ አበጁት። ሲሠሩ ምላሳቸውን በጥርሳቸው ይዘው ነው፤ እጃቸው ላይ የዘይትና የሳሙና ሽታ አለ። በመጨረሻ ቤንዚን የሚያልፍባትን የነሐስ አፍንጫ ገጠሙ፤ የስንዴ ቅንጣት የምታክል፣ መሃሏ የተበሳ። ከጣሳው ሲመርጧት ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነበር። ጣታቸው ያውቃታል።

ሞተሯ ተነሳች። ጥቁር ጭስ ተፋች፣ አሳላት፣ ቆመች። እሳት የሚጭርላትን ካንዴላ ሲፈቱት ጥላሸት የለበሰና በቤንዚን የራሰ ነው። ቤንዚኑ ውሃ አለበት አሉ፤ ከሌላ ማደያ አስመጡ። ዘይቱ በዝቷል አሉ፤ ቀነሱ። ካንዴላውን ለወጡ። ማርሚታዋን፣ ማለቴ የጭስ መውጫዋን፣ እሳት ውስጥ ከተው ጥላሸቱን አራገፉ። አፍንጫዋን ግን አልነኳትም።

ፈለቀ ታክሲ ከመያዙ በፊት የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ በአሰብ መንገድ የተመላለሰ ሰው ነው። ከአሰብ የሚወጣ መኪና ሁሉ ጣርማበር ተራራ ላይ ሲደርስ ጉልበት እንደሚከዳው ያውቃል። እዚህ ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ቤንዚኑን ይቀንሱላት ብሎ መከራቸው። ጋሽ ሰይድ ሲቆጡ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። በዚህች አፍንጫ ስንት ጀልባ ከማዕበል አምልጧል አሉት፤ አንተ ታክሲህን ንዳ። ፈለቀም ትከሻውን ነቅንቆ፣ "እሺ፣ ማዕበሉ ሲመጣ ይጥሩኝ" ብሎ ሄደ።

መስቀል አለፈ።

ከመስቀል በኋላ በመጣው እሑድ እንደገና ሞከርን። አስተማሪዋ ደግ ናት፣ ጥቂት ቀን ትታገሣለች ብላ እናቴ ተስፋ አልቆረጠችም። እኔ ሞተሯ ላይ፣ ጋሽ ሰይድ ከኋላ እየገፉ፣ የዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ ሞተሯ በቤንዚን ሰጥማ ቆመች። ጋሽ ሰይድም ድንጋይ ላይ ዘፍ አሉ። ደረታቸው እንደ ወናፍ ይነፋል፣ ከንፈራቸው ነጥቷል። አዲስ አበባ ከገቡ ጀምሮ ዳገት ላይ እንዲህ ይሆኑ ነበር፤ ብርዱ ነው ይላሉ። ፈለቀ ታክሲውን ዳር አስይዞ በመስኮት ብቅ አለ።

"ጋሽ ሰይድ፣ ማናችሁ ነው የታፈነው? እርስዎ ወይስ ሞተሯ?"

ተሳፋሪው ሳቀ። ጋሽ ሰይድ አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሞተሯን ብዙ አዩዋት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ሁለታችንም" አሉ።

ቤት ገብተን ያቺን አፍንጫ ፈትተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጧት። ለእኔ ያኔ ተራ ብረት ናት። ካደግኩ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። አፍንጫዋ የተለካችው ለአሰብ አየር ነው፤ ወፍራም፣ ጨው ያለው፣ ከባሕሩ ጋር እኩል የተኛ አየር። እሷን ማጥበብ ማለት "ከእንግዲህ የምኖረው እዚህ ነው" ማለት ነው። ይህን ማለት ደግሞ ለጋሽ ሰይድ ቀላል አልነበረም። ባሕሩን፣ ወዳጆቻቸውን፣ ወጣትነታቸውን እዚያ ትተው ነው የመጡት። መንዙማውን ዘጉ። መበየጃውን ስታኞ አቅልጠው ቀዳዳዋን ደፈኑት። መርፌ በድንጋይ ስለው፣ በሁለት ጣታቸው እያሽከረከሩ አዲስ ቀዳዳ በሱ፤ ፀጉር የሚያሳልፍ ያህል። ሲጨርሱ አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉና ያቺን ቅንጣት መልሰው ገጠሟት።

ሞተሯ ስትነሳ ድምጿ ሌላ ሆነ፤ ጠራ፣ ሰላ። ጭሱ ሰማያዊ ነው። ተቀመጥ አሉኝ። የዳገቱ ወገብ ላይ ስደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ዳገቱ ከኋላዬ ነው፤ የሰፈር ልጆች እየጮሁ ይከተሉኛል፤ ፈለቀ ከታች ክላክሱን ያስጮኸዋል። ዞሬ ሳይ ጋሽ ሰይድ ገና ግማሽ ላይ ናቸው። ሽርጣቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው፣ እየሳቁ፣ እያረፉ ይወጣሉ።

ሰኞ ጠዋት ከእናቴ ጋር ትምህርት ቤት ሄድን። አስተማሪዋ አንገቷን ደፋች። ወንበሩ ዓርብ ዕለት ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል፤ ክፍሉ ሞልቶ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። ለከርሞ አምጪው አለቻት። እናቴ ለመነች፤ አልሆነም። ጋሽ ሰይድ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው በር ላይ ይጠብቁን ነበር። ፊታችንን አይተው ተረዱ። እናቴ ወደ አዲሶቹ አሠሪዎቿ ቤት ሄደች። እሳቸው ሞተሯን አጥፍተው እኔን ላይዋ እንዳስቀመጡ በእጃቸው ይዘው ቁልቁል ወሰዱኝ። መንገድ ላይ ቆሙ። ዓይኔን እንዲያዩ ቁጢጥ አሉ።

"ሙሌ፣ ያዘገየሁህ እኔ ነኝ። ሞተሯ አይደለችም፣ አስተማሪዋም አይደለችም። እጄ አሰብ ቀርቶ ነው። አፉ በለኝ የኔ ዓለም።"

በሰፈራችን ትልቅ ሰው ልጅን ይልካል፣ ይመታል፣ ይመርቃል። ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። አንገቴን ወደ ወንዙ አዞርኩ። እሳቸውም አልተጫኑኝም፤ ተነስተው መግፋታቸውን ቀጠሉ።

ከርሞ የተባለው አልመጣም። ክረምቱ ሳይገባ እናቴ ታማ አልጋ ያዘች፣ ቤታችን የሚሠራ ሰው አጣ። ጋሽ ሰይድ ዳገቱ አናት ላይ ቁልፍ የሚቀርጽ ወዳጃቸው ዘንድ አስገቡኝ። በየጠዋቱ በሞተሬ በትምህርት ቤቱ በር አልፌ ሥራ እገባ ነበር። በዚያው እንጀራዬ ሆነ፤ ዛሬም ሜክሲኮ ቁልፍ እቀርጻለሁ። ሁሉም ለበጎ ነው የሚሉኝ አሉ። ለበጎ አልነበረም። ፊደል ሳይቆጥሩ ማደግን እኔ አውቀዋለሁ፤ ውል ላይ በአውራ ጣት መፈረም፣ የመድኃኒት ወረቀት ሲሰጡህ "መነጽሬን ረስቼ" ብሎ መዋሸት፣ በጎን የሚስቀውን ሰው አላየሁም ማለት። ይህን የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አያሳምርልኝ።

ጋሽ ሰይድ ግን ከዚያ እሑድ በኋላ ሌላ ሰው ሆኑ። አልጋ ገዙ። ግቢው ሁሉ ሚስት ያገቡ ይመስል እንኳን ደስ አለዎት አላቸው። ጋራዥ ውስጥም፣ እሳቸው ሃምሳን ያለፉ ሰውዬ፣ ልጃቸው የሚሆኑትን ወጣቶች ይሄ ነገር በዚህ አገር እንዴት ይለካል እያሉ መጠየቅ ጀመሩ። ይስቁባቸው ነበር አሉ። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ፣ ከዚያ ደግሞ ይጠይቃሉ። ስንት ዓመት የለመደ እጅ እንደ አዲስ ሲማር በዓይኔ አየሁ።

ሃያ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ አረፉ። ጣሳውን ዘመድ ወሰደው፤ ሞተሯንማ ቀደም ብሎ ቁራሌው ወስዷት ነበር። ለቀስተኛው ሲበተን ቤቴ ገብቼ መቀመጥ አቃተኝ። በዚያው ሳምንት ቂርቆስ ውስጥ ለትልልቅ ሰዎች የማታ ትምህርት ወደሚሰጥበት ቦታ ሄድኩና ከዘበኞችና ከቤት ሠራተኞች ጋር ተደርድሬ ተቀመጥኩ። አስተማሪያችን ታናሽ እህቴ የምትሆን ልጅ ናት። አጠገቤ መጥታ እጄን አየችና ሳቋ አመለጣት፤ እርሳሱን እንደ ሞረድ ጨብጬ ወረቀቱን ልበሳው ደርሻለሁ። የኋላው ረድፍም ሳቀ። ተነስቼ ልሄድ ክራንቼን ያዝኩ።

ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት። ጣቶቼን አላላሁና፣ "እህቴ፣ እስቲ እንደገና አሳዪኝ" አልኳት።