የአማቴ ዱቄትና የናሆም ጉበት

ከአረካ የወጣሁበት ንጋት ይዘንብ ነበር። አማቴ የሚኒባሱን በር ይዘው አልለቅም አሉ። የደቀቀ ሥር በጨርቅ ቋጥረው ቦርሳዬ ውስጥ ወሸቁልኝና፣ "ሲወለድ የልጁ ዓይን ቢጫ ከሆነ የወፍ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱ ይኼ ነው። የፈረንጅ መርፌ እንዳታስነኪው" አሉኝ። እርጉዝ ነበርኩ። ባሌ ታምራት ጆሃንስበርግ ሱቅ ከፍቶ ይጠብቀኛል።

ሞያሌ ላይ ፈታሹ ቋጠሮውን አሸተተ።

"ማን ታሞ ነው?"

"ማንም።"

"ታዲያ ለማን ነው?"

ሆዴን አሳየሁት።

"ገና ሳይወለድ አሳመማችሁት በይኛ!" አለና አሳለፈኝ።

እዚህ ጆሃንስበርግ ፓፕ የሚሉት ነጭ ገንፎ አለ፤ ቅቤ የለው፣ የሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ የለው። ናሆም ተወልዶ ሲያለቅስ አከራያችን ግድግዳውን ትደበድባለች። አረካ ቢሆን ጎረቤቱ ሁሉ "ልጁ ምን ሆነ?" እያለ ይመጣ ነበር።

ሁለት ወር አልፎትም ዓይኑ ቢጫ ነው። ክሊኒክ ደም ወሰዱለት። ሐኪሟ ውጤቱን አይታ፣ "የጉበቱ ኢንዛይም ከፍ ብሏል" አለች፤ ቀጥላም "አልኮል ትጠጫለሽ?" እኔን! ከመዘምራን መሐል ያደግሁትን፣ ጠላ በደጃፉ አልፎ የማያውቅ ቤት ልጅ የሆንኩትን!

"መጀመሪያ ኢንዛይም ምን እንደሆነ ንገሪኝ" አልኳት።

"ጉበት ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ጉበት ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳል። ቁጥሩ መጎዳቱን ይናገራል እንጂ ማን እንደጎዳው አይናገርም። ቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ የሐሞት መንገድ መዘጋት ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒትም ይሆናል። ዐይነ ምድሩ ነጥቷል?"

"አልነጣም።"

"ደግ፤ የሐሞት መንገዱ አልተዘጋም ማለት ይሆናል። ከጡት ሌላ ምን ሰጣችሁት?"

"ምንም!" አልኩ አፌን ሞልቼ። ታምራት ጫማውን ማየት ጀመረ።

ለካ እኔ ሱቅ ስቆም እናቱ በስልክ እያዘዙት፣ ዱቄቱን በቅቤ ለውሶ ናሆምን ያልሰው ኖሯል። አረካ ባዮሎጂ ያስተማረ ሰው! ባለ ዲግሪ! መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ይለኝ ነበር።

"እናቴ እኮ ናት" አለኝ ወደ ቤት ስንመለስ።

"ይኼስ ልጅህ አይደለም?"

ዱቄቱ ቆመ፤ ሌላ ሌላ ምርመራም ታዘዘ። ዳግመኛ ደም ሲሰጥ ቁጥሩ ወርዶ ተገኘ። ሐኪሟ ግን አልተደሰተችም። "ገና ከፍ ያለ ነው። የዱቄቱ ብቻ ይሁን አይሁን አላወቅንም፤ እየተመላለሳችሁ ታሳዩኛላችሁ" አለች።

እሑድ አማቴ ደወሉ። ታምራት "ወርዷል" አላቸውና ሌላውን ዋጠው።

"አላልኩም?" እልልታቸው ቤቱን ሞላው። "መድኃኒቱ ሠራ! ሌላ ልኬያለሁ፤ አንድ የዲምቱ ከተማ ሰውዬ ወደ እናንተ ሲመጣ ይዞት ሞያሌን አልፏል።"

"ጌታ ይባርክሽ፣ እማዬ" አለ ባለ ዲግሪው።

ስልኩን ቀማሁት። "እማማ፣ የወረደው ዱቄትዎን ከተውን በኋላ ነው! ልጁን ሊገድሉት ነው!"

ከዚያ ድምፃቸው አንሶ መጣ።

"አይሰማኝም ልጄ፣ ኔትወርኩ ነው። እስቲ ድምፁን አሰሚኝ፤ ሳላቅፈው እንዳልሞት።"

ንዴቴ ሳይበርድ እንባዬ ቀደመኝ። ስልኩን ናሆም አፍ አጠገብ አደረግሁላቸው። የዲምቱውን ሰውዬ ግን በር ላይ የምጠብቀው እኔ ነኝ።