ታቦት የሌለበት ጫካ

ይህች ትንሽ ነገር ልትጻፍ የሚገባት መሆኗን እጠራጠራለሁ። ዛሬ በቤተ መጻሕፍት የጀርመንን ጥቁር ደን የሚያስጎበኝ መጽሐፍ ስገልጥ፣ ፏፏቴውንና ሐይቁን አልፌ ጥቅጥቅ ያለው ጥድ ላይ ስደርስ ግን አያቴ ትዝ አሉኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ መካነ ሰላም አጠገብ ያለው የቀበሌያችን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ያፈስ ነበር። ምእመናኑ የግቢውን ጥዶች ሸጠው ቆርቆሮ ለመግዛት ተሰበሰቡ። የተቃወሙት አያቴ ብቻ ነበሩ።

"አባባ በዛፍ ሊያስጠልሉን ነው!" አለ ጎረቤታችን አያ ሞላ። ሁሉም ሳቀ።

እኔ ከአያቴ ጎን ተቀምጬ አባቴ የገዛልኝን የሥዕል መጽሐፍ አገላብጥ ነበር። ያው የጀርመን ደን ነበረበት። አያቴ ጎንበስ ብለው አዩት። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ጥድ የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ስለሆነ፣ "ይኼስ የማን ደብር ነው?" አሉኝ።

"ደብር የለበትም አባባ። ሰው ዛፉን ብቻ ሊያይ ከሩቅ ይመጣል።"

መጽሐፉን ይዘው ተነሡ። "ስሙ! እነዚህ ታቦት የሌለበትን ጫካ እንዲህ ይጠብቃሉ። እኛ ታቦታችንን ሜዳ ላይ ልናስቀረው ነው? በሉ የኔን ባሕር ዛፍ ቆርጣችሁ ሽጡ!"

ከዚያ አያ ሞላ አንገቱን እያከከ፣ "እንግዲያው የኔንም ጨምሩበት" አለ። ሌሎቹም ተከተሉት።

አሁን በቤተ መጻሕፍቱ አጠገቤ የተቀመጠችው ጓደኛዬ ሥዕሉን አይታ፣ "እንዴት ያምራል!" አለችኝ።

"የእኛንም ነይና እዪ" አልኳት።

ያን ዓመት አዲሱ ቆርቆሮ አንድም ጥድ ሳይነካ ተመትቶ ያለቀው በመድኃኔ ዓለም ዋዜማ፣ ጥቅምት ሃያ ስድስት ቀን ነበር።