በሁለት ሚስማር የተመዘነ ፊልም

ትኬት ቆራጯ በዚያ ሲኒማ ቤት በር ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ቆማለች። እጇ ከሥራው ብዛት የራሱን ሕግ አውጥቷል፤ ወረቀት ከያዘ ሳይታዘዝ ጥጉን ቀደድ ያደርጋል። ደብዳቤም ቢሆን፣ የመድኃኒት ማዘዣም ቢሆን ለውጥ የለውም። የሠፈሩ ጎረምሶች «እትዬ ቀደድ» ይሏታል። ሰምታ እንዳልሰማ ታልፋቸዋለች።

የሲኒማ ቤቱ ባለቤት የራሱ ዘዴ አለው። ተመልካች ሲወጣ አስተያየቱን በቁራጭ ወረቀት ይጽፋል። ራሱም ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ካሉት ሁለት ረጃጅም ሚስማሮች በአንዱ ላይ ይሰካዋል፤ የወደደ በግራው፣ የጠላ በቀኙ። ትኬት ቆራጯ ሚስማሮቹን ትጠብቃለች፤ የተሰካውንም ቆማ ታነባለች። ዓርብ ከሰዓት ባለቤቱ ይመጣና ሁለቱን በጣቱ ጨበጥ አድርጎ ይለካል። ቀኙ ከወፈረ ፊልሙ ይወርዳል። አንዱንም አያነብም። «ቃል ይዋሻል፣ ውፍረት አይዋሽም» ይላል።

በዚያ ሳምንት የመጣው የጥቁር ወታደሮች ፊልም ነበር። በሰው አገር፣ በሰው ጠብ፣ በነጭ መኮንን እየታዘዙ ያለቁ ሰዎች ታሪክ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ቀኙ ሚስማር ሥራ በዛበት። አንዱ «ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም፤ ተኩሱ የታለ?» ብሎ ጽፏል። ሌላው «ነጩ ሲያለቅስ ሙዚቃ፣ ጥቁሮቹ ሲሞቱ ዝናብ። ይህን ለማየት ነው የተሰለፍኩት?» ይላል። አንዲት ሴት ደግሞ «በሰው ጠብ ገብቶ የሞተ ሞኝ እንጂ ጀግና አይባልም» ብላ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

ከሁሉም የባሰው ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰኞ ተሳድቦ ወጣ፤ ረቡዕ ተመልሶ ትኬቱን ዘረጋላት።

«ከጠላኸው ምን ያመላልስሃል?» አለችው ቀስ ብላ።

«የሰኞው ጥላቻዬ ጎደሎ ነበር እትዬ። መጨረሻው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።»

እሷ ግን ሰኞ ዕለት መጋረጃውን ይዛ ቆማ አይታው፣ ቤቷ እስክትደርስ ልቧ አላረፈም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ሁለት ወንድሞቿ እንዲህ ላለ ጦርነት አንድ ቀን ተመዝግበው ሄዱ። ታላቁ ጉልበቱን ተሰብሮ ብቻውን ተመለሰ። ስለ ታናሹ «ሞተ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። እናታቸው እየጠየቀች አረጀች፤ እየጠየቀች ሞተች። ታላቁ ዛሬም ከእህቱ ጋር ይኖራል፤ መስኮት ሥር ተቀምጦ ሬዲዮ ሲጠግን ይውላል። ይህን ፊልም ቢያይ አፉ ይከፈታል ብላ ተስፋ አደረገች። ሰው ሳይደግፈው ግን ደረጃ አይወርድም፤ ሊያመጣላት ቃል የገባው ጎረቤታቸው ባለታክሲ ደግሞ የሚያርፈው እሑድ ብቻ ነው። ፊልሙ ከዓርብ እንዲያልፍላት ፈለገች።

ሐሙስ ዕለት ኮሪደሩ ጭር ሲል ቁጭ ብላ ጻፈች። አንዱን በግራ እጇ፣ አንዱን አጋድማ፣ አንዱን እንደ ተማሪ አድቅቃ። ውሸት ስለማይሆንላት ያየችውን ጻፈች፦ «የካፖርቱ ቁልፎች በተለያየ ክር የተሰፉ መሆናቸው ደስ አለኝ።» «ወታደሩ በማንኪያ ሲቆፍር ጥፍሩ ውስጥ አፈር ነበር፤ ጥሩ ነው።» ግራው ሚስማር እስኪሞላ ሰካቻቸው።

ዓርብ ባለቤቱ መጣ፤ ግራውን ጨበጠ፤ ቀኙን ጨበጠ። እጁን ሊያነሳ ሲል ዓይኑ አንድ ነገር ላይ ቀረ። የግራውን ወረቀቶች ነቅሎ እንደ ካርታ ዘረጋጋቸው። ጥጋቸው ተቀዷል፤ ሁሉም በአንድ በኩል፣ በአንድ ልክ።

«ተመልካች አስተያየቱን ቀዶ አይሰጠኝም» አለ። «እንደዚህ የሚቀድ እጅ አንድ ብቻ አውቃለሁ።»

የእጇን መዳፍ ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «ወንድሜ እሑድ እንዲያየው ብዬ ነው። እሱም እንደነሱ ዘምቶ ነበር።»

«ስለዚህ እኔን ታታልዪኛለሽ?»

ወረቀቶቹን ሰብስቦ ኪሱ ከተተ።

«የዛሬው የአሥራ አንድ ሰዓቱ የመጨረሻው ነው። ልታመጪው ከሆነ አምጪው። ከነገ ጀምሮ ግን ሚስማሩን አትነኪም፤ ትኬትሽን ብቻ ቁረጪ።»

ወደ ቤቷ ሮጠች ማለት ይቻላል። ባለ እጅ ጋሪ ለምና፣ ፍራሽ አስነጥፋ፣ ወንድሟን ደገፈችው።

«ያየሁት አነሰና ነው የምትጨምሪልኝ?» አለ እየተነጫነጨ። ሆኖም በዕድሜዋ ለምናው ስለማታውቅ ወጣ።

አዳራሹ ውስጥ ፊልሙን ሳይሆን እሱን አየች። አንድ ቀጭን ልጅ ባንዲራ ይዞ ኮረብታ ላይ ሲወድቅ፣ መኮንኑ አቅፎት በስሙ ሲጠራው፣ ፀጉር አስተካካዩ ከኋላ «ሙት በቃ፣ ሥራ አለብን» አለ። ሰው ሳቀ። ወንድሟ አልተንቀሳቀሰም።

መብራት ሲበራ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ አስቀመጠችው። ፀጉር አስተካካዩ ወረቀቱን እንደያዘ ጠጋ አለ።

«አባባ፣ ዘምተው ነበር አሉ። እርስዎስ ምን ይሉታል?»

«ውሸት ነው።»

«እኔስ ከሰኞ ጀምሮ ምን እያልኩ ነው?»

«አንተ ስለረዘመብህ ነው። ሰው ሲሞት የምትስቅ፣ ከእኔ ጋር ራስህን አትደምር። ዞር በል።»

ሰውየው ፊቱ ቀላ፤ ወረቀቱን ሳይሰካ ወጣ። የቀሩትም ተከተሉት።

አጠገቡ ተቀመጠች። «ምኑ ነው ውሸቱ ጋሼ?»

«ልጁ። ማን በስማችን ጠርቶን ያውቃል? የእኛ ትንሽ የቱ ኮረብታ ላይ ወጣ?» ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። «የሞተው መርከብ ላይ ነው። ተቅማጥ ነው። አንድ ጥይት ሳይሰማ፣ በስድስተኛው ቀን።»

«ለእናታችን የመጣው ደብዳቤ በውጊያ ሞተ ይላል።»

«ለሁሉም አንድ ደብዳቤ ነው የጻፉት፤ ቁጥሩን ብቻ እየለዋወጡ።»

«ማን አጠበው?»

«እኔ። በባሕር ውሃ። ከዚያ በከረጢት ሰፍተው ወረወሩት።» እግሩን ወደ አግዳሚው ሥር ሰብሰብ አደረገ። «ጫማውን አውልቄ እኔ አደረግኩት። የእኔ ሶሉ ተገንጥሎ ነበር። እናታችን በር ላይ ቆማ ስትጠይቀኝ እግሬ ላይ ነበር። እንዴት ልንገራት?»

ትኬት ቆራጯ የወንድሟን እግር አየች፤ ከዚያ ፊቱን።

«መንገር ነበረብህ» አለችው። «ሠላሳ ዓመት ጠየቀችህ። የሞተ ልጇን ጫማ የምትነጥቅህ መስሎህ ነው?»

«ነበረብኝ።»

ባለ ጋሪው ከደጅ ተጣራ፤ መሸ፣ እንሂድ አለ። ወንድሟ እንድታነሳው እጁን ዘረጋ። አልያዘችለትም።

«ይጠብቀን» አለች። «መርከቡ ከተነሳበት ቀን ጀምርልኝ። አንድም እንዳትዘል።»

እጁን ጉልበቱ ላይ መለሰ። «ጧት ነበር» አለ። «እሱ ዳቦ እየበላ ነበር።»