ከወለል የተነሳው ብስክሌት

በዚያ እሑድ ፒኜቶ በሚባለው ሰፈር፣ አክስቴ ሳሎን ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ የቤቱ እመቤት እሷው አክስቴ፤ ባሏ ጋሼ፤ የነፍስ አባቷ ቄሱ፤ የማኅበሯ ሰብሳቢ፤ የማኅበሯ ጸሐፊ፤ ሁለቱንም የምትቃወም ሦስተኛ ሴት፤ በሩ አጠገብ እኔ፤ ከሁላችንም ራስ በላይ ደግሞ ጎማው ወደ ሰማይ፣ ኮርቻው ወደ ምድር ሆኖ ብስክሌቴ።

የሕንፃው አስተዳዳሪ ከደረጃው ሥር ብስክሌት ማቆም ከልክሏል። መንገድ ላይ ባስረው በሳምንቱ የፊት ጎማው ብቻውን ሄደ። ሌላ ጎማ ገጥሜ ሳሎን አስገባሁት። አክስቴም ፈረደች፦ «እሑድ ማኅበሩ እኔ ዘንድ ነው። እስከዚያ ከወለሌ ላይ ካልተነሳ ይሸጣል።» እኔ የምኖረው ከፋርማሲ መድኃኒት ለአረጋውያን እየቤታቸው በማድረስ ነው። ብስክሌት ከሌለ ሥራ የለም።

ከወለል ይነሳ አለች እንጂ የት ይሂድ አላለችም። በየመስኮቱ ልብስ ለማስጫ የሚሸጡትን ርካሽ መዘውሮች፣ ገመድና ሁለት መንጠቆ ገዛሁ። ወጋግራው የት እንዳለ ለማወቅ ኮርኒሱን በጣቴ እያንኳኳሁ አንድ ቀን ዋልኩ። ጋሼ በአንድ እጃቸው መሰላሉን፣ በሌላው ስልካቸውን ይዘው «ወደ ግራ… አሎራ፣ እንግዲህ ወደ ቀኝ» ይሉኝ ነበር፤ ግን አንዴም ቀና ብለው አላዩም። ከቤቱ ሰው ረጅሙ እሳቸው ስለሆኑ ቁመታቸውን ለካሁ። ብስክሌቱን ገልብጬ ስሰቅለው ከራሳቸው እስከሱ አምስት ሴንቲ ሜትር ተረፈ። ኮራሁ።

አክስቴ ግን ስታየው፣ «ቤቴን ሥጋ ቤት አደረግኸው! ከየትኛው ጎድን ልቁረጥላቸው?» አለች።

እሑድ ተበልቶ ተጠጥቶ ለመዝጊያው ጸሎት ሁላችንም ቆምን። ቄሱም ቆሙ፣ ከነጥምጥማቸው። የብስክሌቱ ደወል ቅሊንግ አለ። ሦስቱ ሴቶች በቅዳሴ መካከል ቃጭል የሰሙ ያህል በግንባራቸው ተደፉ። ቄሱ ደንግጠው ዞር ሲሉ ደግሞ ቅሊንግ።

«እዚህ ቤት ዲያቆን አለ እንዴ?» አሉ ቄሱ ወደ ላይ እያዩ።

«ነግሬው ነበር» አሉ ጋሼ። ምንም አልነገሩኝም።

አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ነገ ይሸጣል!» አለች።

«ስንት ጎደለህ፣ ልጄ?» አሉኝ ቄሱ።

«አራት ሴንቲ ሜትር፣ አባ። ጥምጥምዎን አልለካሁም።»

«ደወሉን ፍታው» አሉኝ። ወደ አክስቴም ዞረው፣ «የሚሠራበትን አትሽጪበት፣ ልጄ» አሏት። አክስቴ ለነፍስ አባቷ መልስ አትሰጥም፤ ለኔ ያዘጋጀችውን ሁሉ ዋጠችው። እዚያው ወንበር ላይ ወጥቼ ደወሉን ፈታሁ። ሰኞ ጠዋት በብስክሌቴ ሥራ ገባሁ።

አሁን የቀረው ክርክር አንድ ነው። ጋሼ ደወሉ ሦስት ጊዜ ጮኸ ይላሉ፤ እኔ ሁለት ቆጥሬአለሁ። እዚያ የነበራችሁ ሴቶች፣ የምታስታውሱትን ጨምሩበት። ወለሉ ላይ ሆናችሁ ምንም ባታዩም፣ ጆሯችሁ አልተደፋም ነበር።