ደረቁ ወንዝ እናቴን ከበር አቆማት

ዛሬ ቤርሳቤህ፣ የአብርሃም ጉድጓድ በር ላይ እናቴ «አልገባም» ብላ ቆመች።

አባቴ ካረፈ ወዲህ ናታንያ ካለው ሰፈራችን ከኪርያት ኖርዳው ወጥታ አታውቅም። ሱቄን ዘግቼ፣ ለምኜ ነው ያመጣኋት። ዛሬ ከፍቷት ከተመለሰች ዳግመኛ እንደማትወጣ አውቃለሁ።

«ምን ሆንሽ እማዬ?»

«አገራችን ወንዝ ወርደን ሳንታጠብ ቅዱስ ቦታ እንረግጥ ነበር? ወንዙ የታለ?»

ከከተማው ሥር ያለውን ወንዝ አሳየኋት። አሸዋና ድንጋይ ብቻ ነው።

«ይሄማ መንገድ ነው ልጄ!» ብላ ሳቀችብኝ። ግን አልተንቀሳቀሰችም።

(ነጋዴ ነኝ እላለሁ፤ ዕቃው መኖሩን ሳላጣራ ደንበኛ አመጣሁ።)

በር ላይ ያለችው ትኬት ቆራጭ ጭቅጭቃችንን ሰምታ ምን እንደቸገረን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ገብታ ውሃ በጆግ ይዛ መጣችና በእናቴ እጆች ላይ አፈሰሰች። ጎንበስ ብላም፣ አያቷን እንደምትጠራ፣ «ሳብታ፣ እግርሽንም?» አለቻት።

እናቴ ጫማዋን አወለቀች። ስትታጠብ ልጅቷን በአማርኛ መረቀቻት፤ ልጅቷም በዕብራይስጥ «አሜን» አለች።

ገባን። ጉድጓዱን ሦስቴ ዞረችው።

ስንመለስ ናታንያ እስክንደርስ ትተኛለች ብዬ ነበር። «ውሃ ያለው ወንዝስ ወዴት ነው?» አለችኝ።

«ዮርዳኖስ አለ።»

«ታዲያ ሱቁን መቼ ትዘጋለህ?»

እናንተስ ከቤት አልወጣም ያለች እናታችሁን በምን አግባብታችሁ አወጣችኋት?