መሪማ ሳትኖር የተነዳችው ጀልባ

መርሳ ውስጥ ጀልባ ያላት ሴት አንድ ብቻ ናት፤ መሪማ ትባላለች። ከቤቷ ጋር አጥር ለአጥር ስለምንገናኝ ከምነግራችሁ አብዛኛውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያላየሁትን ራሷ ነግራኛለች።

መሪማ አሥራ አራት ዓመት ጅዳ ሠርታለች። አሠሪዎቿ ዓርብ ዓርብ በጀልባ ባሕር ላይ ሲወጡ ምግብ እንድታበስልላቸው ይዘዋት ይሄዱ ነበር። ነጂው የመናዊ ሽማግሌ ነበር። ዓይኑ እየደከመ ሲመጣ መጀመሪያ ገመድ ማሰር አስተማራት፣ ቀጥሎ ሞተር ማየት፣ በመጨረሻ መሪውን ለቀቀላት። አሠሪዎቿ ይህን ማወቃቸውን እጠራጠራለሁ።

ልትመለስ አንድ ዓመት ሲቀራት ባሕር ዳር ከተማ አንዲት ያገለገለች ጀልባ ለሽያጭ መቅረቧን ሰማች። ስምንት ሜትር ገደማ ትሆናለች፤ ከፊቷ ሁለት ሰው የምታስተኛ ጠባብ ክፍል አላት፤ የምትይዘው አሥራ ሁለት ሰው ነው። መሪማ ጅዳ ስለነበረች ግዢውን የጨረሰው ታናሽ ወንድሟ አቡበከር ነው። ወረቀቱም በእሱ ስም ሆነ። ያኔ ይህን ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው አልነበረም።

ጀልባዋ በሎቤድ መኪና ተጭና በጋሸና በኩል መጣች። የድልብን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዳ ወልድያ ስትገባ ሰው ከየሱቁ እየወጣ ቆሞ አያት። ከዚያ መርሳ፣ መሪማ ግቢ፣ ማንጎዎቹ ሥር ተቀመጠች። መሪማ ከጅዳ እንደተመለሰች እጅጌዋን ጠቅልላ ሥራ ጀመረች፤ ስምንት ወር ፈጀባት። የተሰነጠቀውን የፋይበር አካሏን በብርጭቆ ወረቀት ፋቀች፣ ደፈነች፣ ቀባች። እኔም ከሲሪንቃ ሥራዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ስመለስ አብሬያት ፍቄያለሁ። ሞተሩን የፈታው ግርማ የሚባል የወልድያ የናፍጣ መካኒክ ነው። መጀመሪያ ሰሞን የሚጠይቀውን ሁሉ የሚጠይቀው አቡበከርን ነበር፤ አቡበከር ደግሞ ዞሮ መሪማን ያያል። በሦስተኛው ቀን ግርማ በቀጥታ እሷን መጠየቅ ጀመረ።

ሐይቅ ከተማ ካለው ሐይቅ ላይ ካወረደቻት በኋላ አንድ ቀን ይዛኝ ወጣች። ጀልባ ፍሬን የላትም አለችኝ። መሪውን ወደ ግራ ሲያዞሩት ኋላዋ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። ወደ ዳር ስትመለስ ነፋሱን በፊቷ ተቀብላ፣ ማርሹን ከሩቅ አውጥታ፣ በራሷ ጉልበት እንድትደርስ ተወቻት፤ ከጎኗ የተንጠለጠሉት አሮጌ ጎማዎች ድንጋዩን ነካ ብቻ አደረጉት። አስራ ስትጨርስ ወለሉን ከፍታ አንድ ቫልቭ ዘጋች። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የሐይቅ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው። ቱቦው ያረጀ ስለሆነ ክፍቱን ትታው ብትሄድና ቢፈነዳ ጀልባዋ በቆመችበት ትሰጥማለች። ስለዚህ ስትሄድ ትዘጋዋለች፤ ስትመጣ ከሁሉ በፊት ትከፍተዋለች። ለአቡበከር ሁለት ጊዜ አሳይታዋለች። ሁለቱንም ጊዜ ስልኩን እያየ ነበር።

ባለፈው ጥር መሪማ እናቷን ለዓይን ሕክምና ወልድያ ወሰደች። አቡበከር ከቁም ሳጥኗ የጀልባዋን ቁልፍ አወጣ። ለወልድያ ሠርገኞች ጀልባ አለኝ፣ አንሸራሽራችኋለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ኖሯል፤ ለእህቱ ግን ትንፍሽ አላለም። ሃያ ሦስት ሰው ጫነ። ቫልቩን አልከፈተም። ሞተሩ ሲግል ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ እሱ ሠርገኞቹ ከከፈቱት ሙዚቃ መስሎት መንዳቱን ቀጠለ። ሐይቁ መሐል ሲደርሱ ወለሉ ጨሰ፣ ሞተሩም ቀጥ አለ። የከሰዓቱ ነፋስ ተነሥቶ ነበር። መልህቅ መጣል እንኳ ሳያስብ ጀልባዋ በጎኗ ተገፍታ ከዳር ካለው ድንጋይ ጋር ተላተመች። ከክፍሏ ጣሪያ ላይ ተቀምጣ የነበረች ሃና የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ሌላውን ሰው ዓሣ አስጋሪዎች አወጡት።

ለመሪማ የደወለላት ከአስጋሪዎቹ አንዱ ነው። እናቷን መርሳ አድርሳ በዚያው ሚኒባስ ቀጠለች። ከጀልባዋ ስትደርስ ማንንም ሳታናግር ወለሉን ከፈተች። ቫልቩ እንደዘጋችው ነው። አቡበከር ዳር ላይ ቆሟል።

«ለምን አልከፈትህም?» አለችው።

«የዘጋሽው አንቺ ነሽ» አላት።

ያን ዕለት መምታት ብጀምር ኖሮ አላቆምም ነበር አለችኝ። እጇን ኪሷ ከታ ሄደች።

በማግስቱ ወልድያ ሃና ቤት ሄደች። የልጅቱ እናት አሰለፈች በሩን ከፍታ ግቢ አላለቻትም።

«ጀልባዋ የማን ናት?»

ወረቀቱ በወንድሜ ስም ነው ብላ ማምለጥ ትችል ነበር። «የኔ ናት» አለች።

አሰለፈች በሩን እንደያዘች ቀጠለች። «እሱ የኔ ናት ነው ያለን። መንዳት ትችላለህ ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ እኮ። እህቴንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ አለኝ።»

መሪማ ይህን ስትነግረኝ ፊቷ ጠቆረ። ጀልባዋ ተሰብራ እንደዚህ አልተናደደችም።

በሳምንቱ የሰፈራችን ታላቅ ሀጂ አብዱልሐሊም ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ሊያስታርቁ መሪማ ቤት መጡ። እኔም ተጠርቼ ነበር። ወንድምሽ ነው፣ ዐውፍ በይው፣ ይቅር በይው አሏት። ደግሞ በለሆሳስ፣ ቫልቩን የዘጋሽው አንቺ ስለሆንሽ ጥፋቱ የሁለታችሁም ነው አሉ።

መሪማ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ሀጂ፣ አንቱ ቤትዎን ቆልፈው ቢወጡ፣ ሌላ ሰው በመስኮት ዘሎ ሲገባ የሰው ልጅ ክንድ ቢሰብር፣ የቆለፉት አንቱ ጥፋተኛ ይሆናሉ?»

ሀጂ ታዲያ ምን ይሁንልሽ አሏት። እሷም ሁለት ነገር እንደምትፈልግ ነገረቻቸው፤ ወረቀቱ ወደ ስሟ እንዲዞር፣ አቡበከርም አሰለፈች ቤት ሄዶ ቁልፉን ሳያስፈቅድ እንደወሰደና መንዳት እንደማያውቅ በገዛ አፉ እንዲናገር።

ወረቀቱን በሳምንት ፈረመ። ወልድያ ለመሄድ ግን ወር ሙሉ ሰበብ አበዛ፤ በመጨረሻ ሀጂ ራሳቸው ይዘውት ሄዱ። ያን ቀን አሰለፈች ለመሪማ ደውላ የተባለውን ነገረቻት። መንዳቱን ብዙም አላውቀው ነበር ብሏል።

«ብዙም?» አለች መሪማ፤ ስልኩን ዘግታ ግቢውን ስትዞረው ዋለች።

የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ በሙቀቱ ተጣሞ ስለነበር ግርማ ለማስተካከል ወራት ፈጀበት። የተሸነቆረውን ጎን እሷው ደፈነችው። ከመስከረም ወዲህ ጀልባዋ ውሃ ላይ ናት። አሥራ ሦስተኛ ሰው ከመጣ ሙሽራም ቢሆን ይወርዳል። አቡበከር ወደ ጀልባዋ ድርሽ አይልም። ለዒድ ቤቷ መጥቶ ነበር፤ ምግብ አቀረበችለት፣ እሷ ግን አብራው አልተቀመጠችም። እናቷ ስታለቅስ መሪማ ወደ ጓሮ ወጣች።

ባለፈው ሳምንት ሐይቅ ሄጄ፣ ፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመ ሣር በቢላ ስትቆርጥ አገኘኋት። አሁንስ ንዴቱ አልበረደልሽም ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«የሃና ክንድ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም» አለችኝ። ከዚያ ቢላውን አጥብቃ ይዛ መቁረጧን ቀጠለች።